የወንዙ ትንፋሽ

ዲስኪት ግራ እግሯን አንሥታ የግቢውን ድንጋይ ረገጠች፤ በዚያው ቅጽበት ቀኝ መዳፏን በግራ መዳፏ ላይ አጮኸችው። ድምፁ የቡድሂስት ሴት መነኮሳቱን ገዳም ግንብ መትቶ ተመለሰ።

«ከማዶ ባለው ተራራ ላይ እሳት አለ፤ ጭስ ይታያልና!»

ከፊቷ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠችው ያንግዞም ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። በክርክር ሥርዓት ቆማ የምትጠይቀው የፈለገችውን ያህል ልትጮኽ፣ ልትዘልና ልታሾፍ ትችላለች። ተቀምጣ የምትመልሰው ግን ያሏት መልሶች አራት ብቻ ናቸው፤ «እቀበላለሁ»፣ «ለምን?»፣ «ምክንያቱ አልጸናም»፣ ወይም ድምዳሜው ከምክንያቱ አይወጣም ለማለት «አያስከትልም»። ማብራሪያ የምትጨምረው ከእነዚህ አንዱን ከመረጠች በኋላ ነው።

«ምክንያቱ አልጸናም» አለች ያንግዞም።

«እንዴት አልጸናም? ዓይንሽን ያምሻል እንዴ?»

ዙሪያውን የተቀመጡት ልጃገረዶች ሳቁ።

«ዓይኔስ ደህና ነው፣ እህቴ። ወንዝ በብርድ በረዶ ሆኖ ከመቆሙ በፊት የሚተነፍሰው ትንፋሽም ከሩቅ ላየው ሰው ጭስ ነው። ቀርበሽ አሽትተሽዋል?»

ሳቁ ወደ ያንግዞም ወገን ዞረ። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ሪግዚን «ዲስኪት፣ በይ አፍንጫሽን ይዘሽ ተራራውን ውጪ!» ብላ ጮኸች።

ዲስኪት ቀጣዩን ጥያቄ ታውቀው ነበር፤ ከአፏ ግን አልወጣም። ስለ ወንዙ ትንፋሽ የተባለውን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ቃል በቃል ታውቀዋለች። በመምህር ታርቺን ደብተር ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ አይታዋለች። መምህሩ በክፍል ውስጥ ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ታዲያ ያንግዞም ከየት አመጣችው?

መምህር ታርቺን ከወንዙ ማዶ ካለው የወንዶች ገዳም በሳምንት ሁለት ቀን በእግራቸው እየመጡ ሥነ አመክንዮ የሚያስተምሩ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። በአርባ ዓመት የሰበሰቧቸው ጥያቄዎች ሁሉ ያሉት በአንድ ወፍራም ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ እንደ ማንኛውም የተከበረ መጽሐፍ በቢጫ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ እርሳቸው በሌሉበት ቀን በጸሎት አዳራሹ ከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ከዘጠኝ ቀን በፊት «ዲስኪት፣ እስቲ አምጪልኝ» ብለው የላኳት እርሷን ነበር።

የጨርቁ ቋጠሮ ልል ነበር። ለራሷ የነገረችው እንዲህ ነው፤ ቋጠሮው ልል ነበር፣ ደብተሩ ተከፈተ፣ ዓይኗም በአንድ ገጽ ላይ አረፈ። አንድ ገጽ ብቻ። ማየት ደግሞ ማንበብ አይደለም።

ያንግዞም ግን በእርግጥ አንብባዋለች። አለዚያ ከየት ታመጣዋለች?

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዲስኪት አብራት የምትኖረውን ልጅ እንደ እንግዳ ትመለከታት ጀመር። ሁለቱ ለሦስት ዓመት አንዲት ጠባብ ክፍል ተጋርተዋል፤ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን በሶ በጥብጠው በልተዋል። አሁን ግን ቀድሞ ከቁም ነገር ያልቆጠረችው ነገር ሁሉ ትርጉም ያገኝ ጀመር። ያንግዞም ከምሳ በኋላ በየቀኑ ትሰወራለች። ስትመለስ ካባዋ የኩበት ጭስ ይሸታል። ዲስኪት ወደ ክፍሉ ስትገባ ከንፈሯ መንቀሳቀሱን ያቆማል። «የት ነበርሽ?» ስትባል «እግሬን ላፍታታ ብዬ» ትላለች። በዚህ ብርድ ማን እግሩን ያፍታታል?

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ በሚደረገው ውድድር ከገዳሙ አንዲት ልጅ ብቻ ትመረጣለች። የተመረጠችው የብርዱን ወራት በቆላው ታሳልፋለች፤ የየገዳሙ ሴት መነኮሳት በሚገናኙበት ታላቅ ክርክር ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያም ሃያ ዓመት ገደማ ወደሚፈጀው የሊቅነት ትምህርት መንገዱ ይከፈትላታል። ያ ማዕረግ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ለወንዶች ብቻ የሚሰጥ ነበር። የዲስኪት አባት መጀመሪያ «ሴት ልጅ ግቢ መሃል ቆማ እጇን እያጮኸች? ሰው ምን ይላል?» ብሎ ነበር። አሁን ግን በመንደሩ ለሚያገኘው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርሷ ብቻ ሆኗል።

በማግስቱ ጠዋት፣ የጸሎቱ ከበሮ ዝም እንዳለ፣ የገዳሙ ሥርዓት አስከባሪ እማሆይ ኩንዛንግ ከአዳራሹ መሃል ቆሙ። አጭር ሴት ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ ይላል። አሁን በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

«መምህር ታርቺን በደብተራቸው ውስጥ የደረቀ የጥድ ቅጠል ምልክት ያደርጋሉ። ቅጠሉ የነበረበትን ገጽ ትቶ ሌላ ቦታ ተገኝቷል። ቅጠል እግር የለውም። ያልተሰጠውን የወሰደ ሰው ከመካከላችን አለ። የምታውቅ ወደ እኔ ትምጣ።»

ዲስኪት ቅጠሉን አስታወሰችው። ቅጠል ነበር፤ ወድቆም ነበር፤ እርሷ ግን በቦታው መልሳዋለች። የመለሰችው መሰላት። እርሷ በቦታው ከመለሰችው ደግሞ ሌላ ሰው አንቀሳቅሶታል ማለት ነው፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም።

ከቁርስ በፊት ከእማሆይ ኩንዛንግ በር ቆመች።

«ምን አየሽ?»

«እኔ እንኳ ምንም አላየሁም፣ እማሆይ። ብቻ… ያንግዞም ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ትጠፋለች። የምትሄድበትን አትናገርም።»

«አይተሻል ወይስ ጠርጥረሻል?»

«ስትጠፋ አይቻለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ» አሉ እማሆይ። የመቁጠሪያቸውን ፍሬ በጣታቸው አሳለፉ። «በይ ሂጂ።»

ስለ ቀይ ቀለሙ ዓረፍተ ነገር ዲስኪት አልተናገረችም። እርሱን ብትናገር «አንቺስ በምን አወቅሽ?» መባሏ አይቀርም ነበር።

ከቀትር በፊት ወሬው ደረሰ። ያንግዞም ተጠርታ ተጠይቃለች፤ የት እንደምትሄድ ለመናገር እምቢ ብላለች፤ እስክትናገር ድረስም ከውድድሩ ታግዳለች። ዲስኪት ወደ ክፍላቸው ስትገባ ያንግዞም ብርድ ልብሷን ታጥፍ ነበር።

«የነገርሻቸው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ዞር ሳትል።

«እኔ የት እንደምትሄጂ አላውቅም ነው ያልኩት። እውነት አይደለም?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ! ምን ያዘሽ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

ያንግዞም ብርድ ልብሱን ማጠፏን ቀጠለች።

«አየሽ! ንጹሕ ብትሆኚ ዝም አትዪም ነበር።»

ያንግዞም ያጠፈችውን ብርድ ልብስ በቀስታ አስቀመጠች፤ ፊቷን አዞረችና በክርክር ሰዓት እንደምትለው፣ ያለ ቁጣ፣ «አያስከትልም» አለች።

ዲስኪት ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቃች። ሁለቱንም ጊዜ ከጎኗ የተኛችው ልጅ ትንፋሽ የነቃ ሰው ትንፋሽ ነበር።

የውድድሩ ቀን ከምሳ በኋላ ያንግዞም ሹልክ ስትል ዲስኪት ተከተለቻት። ዛሬ በዓይኗ ታያለች፤ ዛሬ ጥርጣሬ ብሎ ነገር አይኖርም። በጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ በተከመረው ኩበት አጠገብ አልፋ፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ተጠጋች። ከጣሪያው ቀዳዳ ነጭ ነገር ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። ያንግዞም የገለበጠችበትን ወረቀት የምታቃጥል መሰላት። ቀርባ ስታሸት የወረቀት ቃጠሎ ሽታ አልነበረውም። እንፋሎት ነው፤ ለከሰዓት ሻይ የተጣደው ትልቁ ብረት ድስት እየፈላ ነው።

ከውስጥ ግን የጭብጨባ ድምፅ ተሰማ። ደካማ ጭብጨባ ነው፤ የደረቁ እጆች ጭብጨባ።

«እንደገና!» አለ የአሮጊት ድምፅ። የወጥ ቤቷ እማሆይ ዶልካር ነበሩ፤ ፊደል የማይለዩ፣ ልጆቹ ሁሉ ጨው ያበዛሉ እያሉ በሐሜት የሚያሟቸው። «ጭስ አለ፤ ስለዚህ እሳት አለ! ምን ትያለሽ?»

«ምክንያቱ አልጸናም፣ እማሆይ። ወንዝ በብርድ በረዶ ሆኖ ከመቆሙ በፊት የሚተነፍሰው ትንፋሽም…»

«እሱ ነው! እሱ ነው! ይህንን ያሉት እኮ የመምህርሽ መምህር ናቸው፤ ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ። ያን ቀን ታርቺን ገና ንፍጡን የማይጠርግ ልጅ ነበር፤ ተሸንፎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።» አሮጊቷ ሳቁ። «እኔ ያኔ ሻይ ይዤ ከወንዶቹ ገዳም ግንብ ጀርባ እቆማለሁ። ሴት ወደ ግቢው አትገባም። ክርክሩ ሳያልቅ ንቅንቅ አልልም፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ እሰደባለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ሃያ አንድ ዓመት ቀዝቃዛ ሻይ አጠጥቻቸዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን ለሌሎቹም አይነግሯቸውም?»

«ኧረ በይ፣ ቃልሽን እንዳትረሺ! ዶልካር ማንበብ ሳትችል ተከራካሪ ሆነች ብለው ሲስቁብኝ ማየት ነው የቀረኝ? ከሞትኩ በኋላ እንደ ልብሽ አውሪ።» የማማሰያው ድምፅ ተሰማ። «አሁን ዝም ብለሽ ዛሬ አሸንፊልኝ። እኔ በዚች መስኮት እሰማለሁ።»

ያንግዞም «እሺ፣ እማሆይ» አለች።

ከውድድሩ መታገዷን አልነገረቻቸውም።

ዲስኪት ወደ ኋላ አፈገፈገች። እግሯ ወደ ጸሎት አዳራሹ ወሰዳት። አዳራሹ ባዶ ነበር። ደብተሩ በቢጫ ጨርቁ ተጠቅልሎ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ቋጠሮውን አየችው። ጠብቋል። መምህር ታርቺን ምን ጊዜም ሁለት ጊዜ አዙረው ነው የሚያስሩት፤ ያን ቀንም ያሰሩት እንደዚያው ነበር። በጥርሷ ጭምር ታግላ እንደ ፈታችው ትዝ አላት። ያነበበችው ደግሞ አንድ ገጽ አልነበረም። ስታገላብጥ ቅጠሉ ወደቀ፤ በኮሪደሩ የእግር ኮቴ ሰማች፤ ቅጠሉን እጇ በደረሰበት ገጽ ሰክታ ዘጋችው።

ይህንን ሁሉ ቀድሞም ታውቀው ነበር።

አንድ ነገር ማድረግ ትችላለች። ለእማሆይ ኩንዛንግ «ያንግዞም ወጥ ቤት ነበረች» ብትል በቂ ነው። ያንግዞም ወደ ውድድሩ ትመለሳለች፤ የዲስኪትም ስም አይነሣም፤ ቅጠሉን ማን እንዳንቀሳቀሰው ሳይታወቅ ይቀራል። ግን «ወጥ ቤት ምን ትሠራ ነበር?» መባሉ አይቀርም፤ እማሆይ ዶልካር ይህን ሁሉ ዓመት የደበቁት ነገርም እስከ ማታ ድረስ የሪግዚን መሳቂያ ይሆናል።

ደወሉ ተመታ።

ግቢው በወይን ጠጅ ካባዎች ተሞልቶ ነበር። መምህር ታርቺን ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ያንግዞም ከኋለኛው ረድፍ፣ ከግንቡ ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ዲስኪት የወጥ ቤቱን መስኮት አየች፤ በአንድ ክንድ ያህል ተከፍቷል።

«ዲስኪት፣ ተነሺና ጠይቂ» አሉ እማሆይ ኩንዛንግ።

ዲስኪት ተነሣች። ወደ መሃሉ መጣች። ነገር ግን ከጠያቂዋ ቦታ አልቆመችም፤ ባዶ ወደ ነበረው ወደ መላሿ ምንጣፍ ሄዳ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ኧረ ተሳሳተች!» አለች ሪግዚን።

«ቦታሽ እዚያ አይደለም» አሉ እማሆይ።

«አውቃለሁ፣ እማሆይ። ግን ይጠይቁኝ።»

«ስለ ምን ልጠይቅሽ?»

«ስለ ቅጠሉ።»

ከኋለኛው ረድፍ ያንግዞም ቀና ስትል አየቻት፤ ዳግመኛ ወደዚያ አላየችም። እማሆይ ኩንዛንግ በእርጋታ መጥተው ከፊቷ ቆሙ። እጃቸውን አላጨበጨቡም፤ እግራቸውንም አላነሡም። ድምፃቸው በጣም ዝቅ አለ።

«የመምህሩን ደብተር ያለ ፈቃድ የከፈተችው ዲስኪት ናት።»

ከአራቱ መልሶች ማምለጫ የሚሆኑት ሦስቱ አሁንም በእጇ ነበሩ። አንዱን መርጣ «ለምን?» ብትል እንኳ ሥርዓቱ ይፈቅድላታል።

«እቀበላለሁ» አለች።