ወንበሩ ያወቀው ሰው

ሮዳስ የነጯን መኪና ቁልፍ ጨብጣ ቆማለች። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጆሮዋ ውስጥ ከተሸጎጠችው ማዳመጫ ድምፅ መጣ።

«ገብስ፣ ሰውዬው ገባ።»

«አየሁት፣ ጎተራ።»

«ስለ ነጯ ገብስ ገብሱን አውሪለትና ይንዳት። አብረሽው ሂጂ። ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ ልጆቻችን ይይዙታል።»

ገብስ እሷ ናት። ጎተራ አለቃዋ ወልደተንሣኤ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ካለው ሆቴል በረንዳ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ለመኪና ገዢዎች ደግሞ ሣራ ናት፤ ያገለገሉ ቅንጡ መኪኖች የምታሻሽጥ፣ ምላሷ የተባ ደላላ።

ወንድሟ ይሁኔም ሰላይ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ከሃዲ ስሙን ለኮንትሮባንዲስቶች ሸጠው። ጣርማ በር ላይ ጥቁር መኪና ከኋላ ገፍቶ ገደል ሰደደው። «የእናትሽን ልጅ የገፋው ወርቅአገኘሁ የሚባል ነጋዴ ነው» ብሏታል ወልደተንሣኤ። ከዚያ ወዲህ እህል አልጣማትም። ፍርድ ቤት አይደለም ያማራት። ደም ነው።

ወርቅአገኘሁ መኪኖቹን እየዞረ ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ቀይዋስ?»

«ስፖርት መኪና ናት ጋሼ። አስፋልት ላይ ንፋስ ናት። አንኮበር መንገድ ላይ ግን ሆዷ ድንጋይ ይልሳል።»

«ላንድክሩዘር ቪኤይቱስ?»

«እሱ ጉልበት ነው። መለዋወጫው አይቸግርም፣ መልሰው ቢሸጡትም ዋጋው አይወድቅም። ነዳጅ ግን እንደ ሠርግ ሚዜ ይጠጣል።»

«ነጯ ሬንጅስ?»

«እሷ ምቾት ናት። ገብተው ይዩዋት።»

ስለ ነጯ ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ለወልደተንሣኤም ቢሆን። የበሩ ጎማ ሲገለጥ የድሮ ቀለሟ ጥቁር ነው። የፊት መከላከያዋ ጥግ ላይ የይሁኔ መኪና አረንጓዴ ቀለም እንደ መዥገር ተጣብቋል። ለሽያጭ ያመጣላት የጋራዥ ሠራተኛ ባለቤቷን አያውቅም፤ ነጭ ተቀብታ ጋራዥ ከተደበቀች ወዲህ ግን ማንም እንዳልነዳት ነግሯታል። የሾፌሩ በር ላይ ደግሞ ቁጥር አንድ የሚል ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ወንበሩ ለቀድሞው ነጂ እንደተመቸው ይስተካከላል። ገዳዩ ቀለሟን ቀየረ፤ ወንበሯን ረሳ።

«እስቲ ቁጥር አንድን ይጫኑት» አለችው።

ተጫነ። ወንበሩ ወደ ፊት ተንፏቀቀ፤ ወደ ላይ ተነሣ። የሰውዬው ረጅም ቅልጥም ከመሪው ሥር ተቀረቀረ።

«ኧረ በማርያም! ይሄ የድንክ ወንበር ነው እንዴ?»

እሱ አይደለም።

እስከ ዛሬ ያየችው ከደረት በላይ የተነሣውን ፎቶውን ብቻ ነበር። ታዲያ አለቃዋ ለምን ዋሻት? ቪኤይቱን እንዲሞክር ብላ ወርቅአገኘሁን ወደ አንኮበር ሸኘችው። ዋናው ቢሮ ለሚገኘው የበላይ ኃላፊ ለአዲስዓለም ደወለችና መስመሩን ሳትዘጋ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በማዳመጫው ጮኸች።

«ጎተራ! ሰውዬው ነቃብኝ! በቪኤይቱ ወደ ደብረ ሲና አመለጠ! ይድረሱልኝ፣ እርስዎ ይንዱ፣ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል!»

ወልደተንሣኤ ጋዜጣውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። አጭር፣ ድብልብል ያለ፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» የሚል ሰው ነው። በይሁኔ ለቅሶ ከእናታቸው እኩል ደረቱን የደቃ። ነጯ ውስጥ ዘሎ ገባ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ጣቱ ግን በሩን ዳበሰና ቁጥር አንድን ተጫነ።

ወንበሩ ወደ ፊት ሄደ። ወደ ላይ ተነሣ። መስታወቱ ከዓይኑ ጋር ገጠመ።

ልክክ።

ልታንቀው ፈለገች። ከጎኑ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

ጣርማ በርን ጉም ውጦታል። ዋሻው አፍ ላይ ወልደተንሣኤ ፍሬን ያዘ።

«እዚህ ብንጠብቀው ይሻላል ልጄ።»

«ለምን? ማዶ ያሉት ልጆቻችን አይደሉም?»

«ናቸው፣ ብቻ…»

ሽጉጧን ጎኑ ላይ ለጠፈችው። ስልኩን ከደረት ኪሱ መንጭቃ በመስኮት ወረወረችው።

«ንዳ።»

«ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን። ይሁኔን ስትገፋው እዚሁ ወንበር ላይ ነበርክ። አሁን በጣትህ ጠራኸው።»

ወልደተንሣኤ ወንበሩን አየ። ጣቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከኋላቸው የከባድ መኪና ጡሩንባ አምባረቀ።

«ንዳ!»

ዋሻው ዋጣቸው።

«ሮዳስ፣ ስሚኝ! ነጭ መኪና ሲወጣ እንዲተኩሱ አዝዣለሁ! አንቺም ወርቅአገኘሁም አብራችሁ… ስምሽንም ሸጬዋለሁ! አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ!»

«ይሁኔ ማረኝ እስኪልህ ጠበቅኸው?»

ቀበቶዋን ፈታ ወንበሯን ወደ ኋላ አጋደመችው። ሽጉጧ ከጎኑ አልተነሣም።

ብርሃን ታየ።

ተኩስ።

መስታወቱ እንደ በረዶ ዘነበ። ወልደተንሣኤ መሪው ላይ ተደፋ። ግራ እጇን እሳት በላት። በሯን ከፍታ ጉሙ ውስጥ ተወረወረች። ነጯ መኪና ጠርዙን አለፈች፤ ገደሉም ድምፁን አቆይቶ መለሰው። ሮዳስ ሣሩ ላይ ተጋድማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ደስ አላት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

አዲስዓለም በታከመችበት ክፍል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«በስልክሽ ሁሉንም ሰምተናል። ተኳሾቹ ተይዘዋል። ስምሽን የገዙት ግን አልተያዙም። መትረፍሽን ካወቁ እናትሽ ቤት ይመጣሉ። ስለዚህ ከመኪናዋ ጋር ገደል ገብተሻል።»

«እናቴ ብቻ ትወቅ።»

«ካወቀች አታለቅስም። ካላለቀሰች እነሱ ያውቃሉ።»

መኪና ሲሸጥ ስም ይዞራል። የሷም ዞረ።

በገዛ ተዝካሯ ቀን አንኮበር ወጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ጣቶቹ የማይታጠፉላትን ግራ እጇን ደብቃ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። እናቷ ወይዘሮ አልታየች ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አንዱን ልጇን ቀብራለች፤ የሁለተኛዋን ግን የምትቀብረው ሬሳ እንኳ አልሰጧትም።

«ሮዳስ!» ብላ ጮኸች እናቷ። «ሮዳስዬ፣ የት ሄድሽብኝ?»

አፏ «አቤት እማዬ» ሊል ተከፈተ። ነጠላዋን ነከሰች።

አጠገቧ የቆሙት ባልቴት ዘወር ብለው አዩአት።

«ዘመድ ነሽ የኔ ልጅ?»

«አይ እማማ» አለች። «መንገደኛ ነኝ።»