ስለ አለቃዋ የተዘፈነው

የብስኩት ፋብሪካው የማሸጊያ ክፍል አለቃ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ስትገባ፣ ሲዘፍኑ የነበሩት ሴቶች ድንገት ጸጥ አሉ። ዘፈኑን የከፈቱበት ስልክ ግን ማን እንደገባ አላየምና መዝፈኑን ቀጠለ።

ጊታሩ ይጋልባል፣ ከበሮው ይንደቀደቃል። ዘፈኑ ስለ አንዲት አለቃ ነው፤ ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ስለምታይ፣ ከሳቀች ደሞዟ የሚቆረጥ ስለሚመስላት።

ድምፁን ለየችው። የካርቶን ማሽኑ ሠራተኛ ነው፤ ማፏጨት ስለማይተው «ፉጨት» ያሉት። ፖፕ-ፓንክ የሚባለውን ፈጣን የጊታር ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ አለው። ከፈረቃ መግቢያ እስከ መውጫ የሠራተኛን ውሎ የሚተርክ አልበም እየሠሩ መሆኑን ምሳ ላይ አጫውቷታል። አጠገቧ ደፍሮ የሚቀመጥ እሱ ብቻ ነበር። እሷም ምሳ ሲደርስ ፀጉሯን መነካካት ጀምራለች።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከሥራ ሲወጡ ፉጨት የፋብሪካው በር ላይ ጠበቃት።

«ሰምተሽዋል አሉኝ» አለ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ።

«እንዴት አልሰማ፣ ፋብሪካው በሙሉ እየዘፈነብኝ?»

«ገና ስቀጠር፣ ሳላውቅሽ የጻፍኩት ነው። አልበሙ አልወጣም፤ የልምምድ ቅጂው ነው ከስልክ ወደ ስልክ የተዛመተው፤ ከአልበሙ አስቀረዋለሁ።»

እንባዋን ዋጠች።

«አታስቀረው። በር ላይ መቆሜ እውነት ነው። ለምን እንደምቆም ግን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ሽንት ቤት የምትቆየዋን ስም ለሥራ አስኪያጁ እንድሰጥ ታዝዣለሁ። ቀድሜ አንኳኩቼ አስወጣለሁ እንጂ የማንንም ስም ሰጥቼ አላውቅም። የኔ ሽንት ሲመጣ ደግሞ የሚተካኝ ስለሌለ፣ እቤቴ እስክገባ ጥርሴን ነክሼ ነው የምይዘው።»

ፉጨት መሳቅ ፈልጎ ፈራ። እሷ ቀደመችው፤ ከዚያ ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው እስኪያማቸው ሳቁ።

«ይሄንን ልጻፈው?»

«ጻፈው። ስታሳምረኝ ግን እንዳላይህ።»

እሁድ እሁድ ባንዱ የሚለማመድበት ጋራዥ እየሄደች፣ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ግጥሙን አረመችለት። አልበሙ ሲወጣ ሁለቱ ዘፈኖች፣ የድሮውና አዲሱ፣ ተከታትለው ገቡ። ሴቶቹ ሁለተኛውን እየዘፈኑ አቀፏት።

ሥራ አስኪያጁም ሰማው። ስም አለመስጠቷ ሲታወቅ ከአለቃነቷ አውርዶ ወደ ማሸጊያ መስመር መለሳት፤ ከካርቶን ማሽኑ ፊት ለፊት።

«በኔ ዘፈን ነው ይሄ ሁሉ የመጣብሽ» አላት ፉጨት፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«በራሴ ቃል ነው፤ ጻፈው ያልኩህ እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ፉጨት ፈገግ አለ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጣኝ የለም ማለት ነው።»

ብስኩቱን እየደረደረች፣ ቀና ሳትል «አግባኝና ታያለህ» አለችው።

የካርቶን ማሽኑ ቀጥ አለ። ሴቶቹ ምን ተበላሸ ብለው ዞሩ። ምንም አልተበላሸም፤ ፉጨት ነው ያጠፋው፣ የሰማውን በደንብ ለመስማት።

«እስቲ ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችለት።