ከቦንጋ የማይታየው መስመር

የኔትወርክ ሠራተኛው ደምመላሽ የተገኘው በአንድ የቡና ንግድ ድርጅት የቢታ ገነት ቅርንጫፍ የማሽን ክፍል ውስጥ፣ በኔትወርክ ኬብል ታንቆ፣ ዝንብ ከንፈሩ ላይ ሰፍሮ ነው። ሽታው ከአፍንጫ አልለቅ ይላል። ኢንስፔክተር ሙባረካን ይበልጥ ያስጠላት ግን የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ሉቅማን፣ ሬሳው ሳይነሳ የጠየቋት ጥያቄ ነበር።

«መስመሩ መቼ ይቀጠላል?»

የክፍሉ ቁልፍ በጸሐፊዋ በፈርዶስ እጅ ስለነበረ እሷ ታሰረች። አራስ ናት። ሕፃኑ ቢታ ቀርቶ እሷ ቦንጋ ጣቢያ ስትገባ ጡቷ አግቶ ሸሚዟን አርሶት ነበር። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«ለማን ከፈትሽ?» አለች ሙባረካ።

«ለደምመላሽ ነዋ! ጠዋት ከፈትኩለት። ሥራውን ሲጨርስ በሩን ሳልቆልፍ እሱን እዚያው ትቼ ልጄን ላጠባ ቤት ሄድኩ፤ ስመለስ...» እንባዋ ቀደማት።

«ምን ሲሠራ ነበር?»

«በዋጫ ቅርንጫፍ በኩል የምትገናኙትን ቢሮዎች ሁሉ በአንድ አድራሻ ጠቀለልኳችሁ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቦንጋ ያለው ዋናው ቢሮ የሚያየው የዋጫን አንድ መስመር ብቻ ነው፣ የእናንተ ለብቻው አይታይም ብሎ ሳቀ። እኔ አልገባኝም።»

ሙባረካም ቶሎ አልገባትም፤ ፈልጋ ያገኘችው የኔትወርክ መምህር አስረዳት።

ቀጥሎ የዋናው ቢሮ የኔትወርክ ኃላፊ ነጂብ መጣ። የበላው ጥብስ ስብ አገጩ ላይ ሳይደርቅ ለጓደኛው ያለቅሳል።

«ሬሳውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ቦንጋ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የቢታ መስመር ስክሪኔ ላይ ካለው ዝርዝር ሲጠፋ አየሁ። ወዲያው ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ።»

«ማንም አልደወለልህም?»

«ማንም። በዓይኔ አየሁት እንጂ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ሙባረካ ጋሽ ሉቅማንን ጨምራ ሁሉንም በነጂብ ቢሮ ሰበሰበቻቸው፤ ፈርዶስ ካቴናው እጇ ላይ እንዳለ መጣች። የቢታ መስመር ተጠግኖ ነበር። ሙባረካ እዚያ ላቆመችው ፖሊስ ደወለችና «ኬብሉን ንቀለው» አለች።

ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«የቢታ መስመር የታለ፣ ነጂብ?»

ነጂብ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገ። «የዋጫ... ጥቅሉ ብቻ ነው ያለው።»

«አዎ። ዋጫ 'ወደ እነሱ የሚሄድ ሁሉ በእኔ በኩል ይለፍ' ይላል እንጂ ስም አይጠራም። አንዱ ቢሮ ቢቋረጥ፣ ሌላው እስካለ ድረስ ለቦንጋ መርዶ አያደርስም። ደምመላሽ ይህን ሠርቶ የጨረሰው ከመሞቱ በፊት ነው። ያን ቀን ስክሪኑን አንዴ ብታየው ኖሮ የቢታ መስመር ለብቻው እንደሌለ ታውቅ ነበር። አላየኸውም፤ እዚህ አልነበርክማ! መስመሩ መቋረጡን ያወቅከው ኬብሉን ከማሽኑ ነቅለህ አንገቱ ላይ የጠመጠምከው አንተ ስለሆንክ ነው።»

ነጂብ ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ። «እኔ ያስተማርኩት ልጅ ወንበሬን ሊቀማኝ! ጋሽ ሉቅማን ለእሱ ሊሰጡት ነበር እኮ!»

«እሺ፣ ይህቺ አራስስ ምን አደረገችህ?»

«ቁልፉ የሷ ነበር» አለ፣ በቂ መልስ የሰጠ ይመስል።

ሙባረካ ካቴናውን ከፈርዶስ እጅ ፈትታ ለእሱ አጠለቀችለት። ፈርዶስ ማንንም ሳትሰናበት፣ ደረቷን በሻርፗ ሸፍና ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

ጋሽ ሉቅማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንስፔክተር፣ ያ ፖሊስ የቢታን ኬብል መልሶ ሰካው?»

ሙባረካ በረንዳው ላይ ወጥታ እንትፍ አለች።