ሮዳጅ ላይ ነኝ፣ እለፉኝ

«ምንም አልሰማሽም፤ ገባሽ?» አለ ካሎጀሮ ሞተሩን አጥፍቶ። «ምንም!»

ቲንዳራ ግን ሰምታለች። አሮጌዋ መኪናቸው ሴይቼንቶ ዳር ይዛ ከመቆሟ በፊት ከኋላ፣ ሞተሩ ካለበት በኩል፣ የሆነ ነገር ኳ ኳ ሲል ነበር። አሁን ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

«ዘጠናን አልፈህ ነበር፣ ካሎ። አባዬ ከስልሳ እንዳታልፍ ብሎህ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሽማግሌው ሲስቅብን አላየሽም?»

አይታለች። ጦሱ ሁሉ ከኋላ መስታወት ላይ የተለጠፈው ካርቶን ነው። አባታቸው ጋስፓሬ በቀይ ቀለም «ሮዳጅ ላይ ነኝ፣ እለፉኝ» ብሎ ጽፎበታል። በዚህ አገር ሞተር ያሳደሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ይለጥፋል፤ አዲሱ የፒስተን ቀለበት ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የቸኮለ ያልፈዋል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወር ላልሞላው ለካሎጀሮ ግን ካርቶኑ ግንባሩ ላይ የተለጠፈ ያህል ነበር። መኪና ሲያልፈው ቻለ። ሞተር ብስክሌት ሲያልፈው ጥርሱን ነከሰ። በመጨረሻ አትክልት ሻጩ ዶን ሳሮ አበባ ጎመን በጫነች ባለ ሦስት እግር መኪናው ጎናቸው ደረሰና አንገቱን አውጥቶ፣ «ልጎትትህ እንዴ፣ የጋስፓሬ ልጅ? ገመድ ይዣለሁ!» ብሎ እየተንከተከተ አለፋቸው። አደባባዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ካሎጀሮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው የረገጠው ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ቲንዳራም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ዶን ሳሮን ሲቀድሙት በመስኮት ምላሷን አውጥታበታለች። አሁን ያ ትዝ ሲላት ፊቷ ይግላል።

ይህች መኪና ለሽርሽር አልተገዛችም። እናታቸው ኑንዚያ ወሯ ገብቷል። ሆስፒታሉ ያለው ከተራራው ግርጌ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ጠዋት ካለፈ አለፈ ነው። ባለፈው ምጧ ሲመጣ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር። ሕፃኑ መንገድ ላይ፣ በሰው የበቅሎ ጋሪ ውስጥ ተወለደ፤ ሳይውል ሳያድርም ሞተ። ጋስፓሬ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልጅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሞተሯ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ የተጣለች አሮጌ ሴይቼንቶ ገዛና የብርዱን ወራት ሁሉ ከድንጋይ ካባው ሲመለስ፣ እታች ጋጣው ውስጥ፣ አንድ በአንድ ፈትቶ ገጠማት። እሱ ሥራ ላይ ሲውል ካሎጀሮ ቀስ እያለ እንዲያላምዳት አዘዘ። ቲንዳራን ደግሞ፣ «አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ የፍጥነቱን መርፌ ትጠብቂያለሽ፤ ከስልሳ እንዳያልፍ» አላት።

ማታ ራት ላይ ጋስፓሬ ዳቦውን እየቆረሰ ጠየቀ። «እንዴት ዋለች?»

«እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው!» አለ ካሎጀሮ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«መርፌውስ፣ ቲንዳዬ?»

ከጠረጴዛው ሥር የወንድሟ ጫማ እግሯን ተጫናት።

«ደህና ነበር» አለች።

«እንግዲያው ነገ የመጀመሪያውን ዘይት እናውርድ። በእናታችሁ አሮጌ ስቶኪንግ አጥልላችሁ ታያላችሁ። የቀረው እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ እሰየው፤ ብረቱ እየተላመደ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ከሆነ ግን እየተበላ ነው፤ መንገድ ላይ ጥላን ትቀራለች።»

«እኔ አወርደዋለሁ፣ አባዬ» አለ ካሎጀሮ ፈጠን ብሎ። «አንተ ደክሞሃል።»

«አየሽ፣ ኑንዚያ? ጎረምሳሽ ሰው ሆነልሽ!» አለ ጋስፓሬ። ሚስቱን እያየ ሳቀ፤ ቲንዳራ አባቷ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

በማግስቱ ጋጣው ውስጥ ጥቁሩ ዘይት በስቶኪንጉ አልፎ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ካሎጀሮ ስቶኪንጉን ጨምቆ ዘረጋው። ቅርፊት ነው፤ የጣት ጥፍር ጫፍ የሚያህል፣ የሚያብለጨልጭ።

ካሎጀሮ ከኪሱ ሌላ ስቶኪንግ አወጣና በተጣራው ዘይት ለቀለቀው። «ይሄኛውን ነው የምናሳየው።»

«አብደሃል? እማዬ እኮ ነች የምትሄድባት!»

«ሆስፒታል ድረስ ታደርሳለች። ቀስ ብለን እንወስዳታለን።»

«መንገድ ላይ ብትቆምስ?»

«አትቆምም አልኩሽ! አባዬ ካወቀ ቁልፉን ዳግመኛ አያስነካኝም። ደግሞ ማታ ‹ደህና ነበር› ያለው ማነው? እኔ ነኝ?»

ቲንዳራ የመጀመሪያውን ስቶኪንግ ባልዲው ጠርዝ ላይ አደረገችው። እሱ እንዲህ ብሎ ባይናገር ይሻላት ነበር፤ እውነት ነውና።

«ቲንዳ!» ብላ እናቷ ከላይ፣ ከሰገነቱ ተጣራች። «ነይ ይቺን ትራስ ውሰጂና መኪናው ውስጥ አስገቢልኝ። ዛሬ ወገቤን ይዞኛል፤ ማን ያውቃል።»

ትራሱን ይዛ ወርዳ የሴይቼንቷን በር ከፈተች። አባቷ የኋላ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፏል። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ወፍራም ገመድ አስሯል፤ ጫፉን እጅ እንዳይልጥ በጨርቅ ጠቅልሎታል። እናቷ ምጥ ሲይዛት እንድትጨብጠው ነው። ቲንዳራ ያን ገመድ ጨብጣ ለቀቀችው። ዶን ሳሮ እንኳ ቢለምኑት ጎመኑን አራግፎ እናቷን ይወስዳታል፤ የሚለምነው ሰው ግን መኪናዋ እንደማታስተማምን ከምጡ በፊት ማወቅ አለበት።

የአባቷ ኮቴ ግቢው ድንጋይ ላይ ተሰማ።

«ቲንዳ፣ እባክሽ» አለ ካሎጀሮ በሹክሹክታ። የለቀለቀውን ስቶኪንግ ዘረጋላት። አሳዘናት።

አልተቀበለችውም። በሩን ዘጋች። ትራሱን በብብቷ እንደያዘች፣ የመጀመሪያውን ስቶኪንግ ከባልዲው ጠርዝ አነሳችና ፀሐይ ወዳለበት ወጣች።

«እሺ፣ መርፌ ጠባቂዬ» አለ ጋስፓሬ ፈገግ ብሎ። «ዱቄት ነው ቅርፊት?»

መዳፉን ይዛ ገለበጠችና ስቶኪንጉን አራገፈችበት።

«መርፌው ደህና አልነበረም፣ አባዬ» አለችው።