የዴሊያ ገመድ

ሳይማ ያየችው ከውድድሩ በፊት ዴሊያን «በርቺ» ብላ ልታቅፋት ጎንበስ ስትል ነው። በረዶ ላይ በሚነዳው የዴሊያ ሞተር መሪ ሥር፣ ሞተሩን በሚያጠፋው ቁልፍ ላይ ጥቁር ክዳን ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። ከጃኬቷ ጋር የታሰረው ገመድ ግን የራሱን ክዳን እንደያዘ ብብቷ ሥር ተሸጉጧል።

ቁልፉ ላይ ያለው ገመድ አልባ ክዳን የሳይማ ነው። ጠዋት ዴሊያ «የኔ ጠፋብኝ፣ መለዋወጫ ካለሽ አውሺኝ» ስትላት ሳታስብ ነበር ከኪሷ አውጥታ የሰጠቻት።

የገመዱን ሥራ እዚያ መንደር የማያውቅ ሕፃን የለም። ነጂው ሲወድቅ ገመዱ ክዳኑን ነቅሎ ሞተሩን ያጠፋል። ካልነቀለው፣ ነዳጅ የሚሰጠው ሽቦ ደግሞ በብርድ ደርቆ እንደተሳበ ከቀረ፣ ያ ሁሉ ብረት ሰው ሳይኖርበት ፊቱ ወደመራው ይበራል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሳይማ።

ዴሊያ ግራ ቀኟን አየች። ባለፈው ዙር ጉብታው ላይ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሯ መሀል መንገድ ላይ ጠፍቶባት፣ የክፍል ልጆች ሳምንት ሙሉ ሲስቁባት ነበር የሰነበቱት። «የጠዋቱን የሞተር ምርመራ አልፌያለሁ አይደል? አቦ አታካብጂ» አለች።

«ጠፋብኝ አላልሽኝም?»

«እውነቱን ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር?»

ሳይማ ክዳኑን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ ዴሊያ መታ አደረገቻት። አጠገባቸው የነበረ ልጅ ዞር ብሎ አያቸው። ሳይማ አፈረችና ወደ ራሷ ሞተር ሄደች።

 ውድድሩ በዚያ አገር ከቀረ ብዙ ክረምት አልፎ ነበር፤ አንድ የበረዶ ሞተር የቤት ዋጋ ሲያወጣ ጊዜ ማን ይችላል? ዘንድሮ ጋሽ ሬይኖ ናቸው የድርቆሽ ማሳቸውን ለቀው፣ ጎተራ ውስጥ አቧራ የጠጣ አሮጌ ሞተር ያለው ሁሉ ይምጣ ያሉት። ሳይማም በረዶው ከመምጣቱ በፊት የአባቷን ሞተር ዝገት ስትፍቅ ከርማለች። ጠዋት ጋሽ ሬይኖ ሁሉንም ሰብስበው፣ አንድ ሰው ከተጎዳ ለውድድሩ ዳግም ኢንሹራንስ የሚሰጥ እንደማይገኝ፣ ማሳውም ወደ ድርቆሽ ብቻ እንደሚመለስ ነግረዋቸዋል።

ብትናገር ዴሊያ የቀረውን ክረምት ሙሉ ከውድድር ትታገዳለች። ትምህርት ቤት ደግሞ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም። ዝም ብትልስ? ምናልባት ምንም አይፈጠርም። ምናልባት።

ሞተሮቹ ተነሡ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሜዳውን ሞላው። የሳይማ ትንፋሽ የሄልሜቷን መስታወት አደበዘዘው፤ በጣቷ ስትጠርገው መጀመሪያ ያየችው መታጠፊያው ጋ ያሉትን ሰዎች ነው። እናቷ ከጎረቤቶቹ ጋር ለመከለያ ከመንገዱ ዳር ከተደረደሩት የድርቆሽ እስሮች ኋላ ቆማ ትኩስ ነገር ትቀዳለች። እስሮቹ ከጉልበት አያልፉም። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታለች።

ዴሊያ ከጎኗ መስመር ላይ ሆና አውራ ጣቷን አሳየቻት። ፈገግታዋ የልጅ ፈገግታ ነው፤ የፈራም ልጅ።

ጋሽ ሬይኖ የመነሻውን አረንጓዴ ጨርቅ ይዘው ከመስመሩ ፊት ቆሙ። ያልተዘጋጀ ነጂ ካለ እጁን ያነሣል፤ ጨርቁ ከወረደ በኋላ ግን የሚያቆማቸው የለም። ጋሽ ሬይኖ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። ጨርቁን ከፍ አደረጉ።

ሳይማ ግራ እጇን ከመሪው ልታላቅቅ ስትል ጣቶቿ እምቢ አሏት። ከዚያ አላቀቀቻቸው፤ እጇንም አነሣች።

ጋሽ ሬይኖ እጇን አዩና ምልክቱን ሳይሰጡ ጨርቁን ጠቀለሉት። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ፀጥ አሉ፤ ከኋላዋ አንዱ ልጅ ሲሳደብ ሰማች። የዴሊያ ሞተር ብቻ ያጓራል።

ጋሽ ሬይኖ በረዶውን እየረገጡ መጥተው ጎንበስ አሉላት። «ምን ሆነሽ ልጄ? ሞተሩ እምቢ አለ?»

ሳይማ ወደ ዴሊያ አልዞረችም። መስታወቷን ገፍታ ከፈተችው፤ ብርዱ ፊቷን ገረፈው።

«የኔ ደህና ነው፣ ጋሼ» አለች። «የዴሊያን ገመድ ይዩት።»