ሦስተኛው የባሕር ዳርቻ

የሳጅን ሳቢራ ዋሪዮ የዓመት ፈቃድ ዕድሜው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ ስምንት ሰዓት ሲል አስካሪ የሚሉት የጣቢያው ተራ ፖሊስ በቦዳቦዳ ሞተርሳይክል በሯ ድረስ መጥቶ አበቃለት።

«ሀምዳን ደላላው ሞቶ ተገኝቷል። አለቃ ቶሎ ነይ ብለዋል።»

«ፈቃድ ላይ ናት አላልካቸውም?»

«ብያቸዋለሁ። ተሰርዟል በላት አሉኝ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሰረዝባት ሦስተኛ ጊዜው ነው። ነገ ማለዳ ወደ ሞምባሳ ተነስታ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ልታይ ነበር። የታሰረ ሻንጣዋን በእግሯ አልጋ ስር ገፍታ ዩኒፎርሟን መልሳ ለበሰች። የጣቢያው መኪና እንደ ልማዱ ነዳጅ ስላልነበረው የሞያሌን አቧራ እየጠጣች በእግሯ ወረደች። ተናዳለች፤ ንዴቷንም ልትደብቀው አልሞከረችም።

ሀምዳን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ከብት ሲያሻሽጥ የኖረ፣ ድንበሩ የሚከፍላቸው ሁለቱም ሞያሌዎች በስሙ የሚጠሩት ሰው ነበር። ሳቢራ አማርኛዋን ያጠራችው እሱን ከመሰሉ ነጋዴዎች ጋር ስትከራከር ነው። አሁን በቤቱ ጓዳ ፍራሽ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ነጭ ፎጣው እስከ አንገቱ ይሸፍነዋል። ራስጌው ላይ ባዶ የማንጎ ጭማቂ ብርጭቆ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የታተሙ የባሕር ዳርቻ ሥዕሎች ተበትነዋል።

አለቃዋ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። «ነገሩ ያለቀ ነው» አሉ። «ሚስቱ ዙሌይካ ትናንት ገበያ መሐል 'ብቻህን ስጠም' ስትለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ጭማቂ ሰጠችው፤ ሞተ። የእስረኛ ካሚዮኑ አስር ሰዓት ላይ ወደ ማርሳቢት እስር ቤት ይወጣል። እሷም አብራ ትሄዳለች።»

«ቀብሩስ?»

«ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ቀብር እሷን አይጠብቅም።»

ሳቢራ ሁሉንም አስወጥታ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ የሟቹን ከንፈር ገለጠች፤ የታችኛው ከንፈር ውስጡ በገዛ ጥርሱ ተቀዷል። የዓይኑ ነጭ በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ትራሱን ከራሱ ስር ስባ ገለበጠችው። በስተስር የነበረው ገጽ ላይ የደረቀ ምራቅና የደም ጠብታ አለ። ቀጥላ ፎጣውን ገፈፈች። ቀኝ እጁ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አንድም ጣት አይታይም። ወገቡ ላይ ባለው የቆዳ ቦርሳ አራት ፓስፖርት አለ። ፓስፖርቶቹን ኪሷ ከትታ ፎጣውን እንደነበረ መለሰችው።

«ጭማቂው ምንም አላደረገውም» አለች ስትወጣ። «በገዛ ትራሱ ታፍኖ ነው የሞተው።»

«ማፈንስ ሚስት ያቅታታል?»

«ሁለት ሰዓት ይስጡኝ።»

«አንድ ሰዓት ተኩል አለሽ» አሉና ጥላ ፍለጋ ሄዱ።

ዙሌይካ ሌላው ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አንድ አስካሪ በሩን ይጠብቃል። እንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ መስመር ሠርቷል።

«እትዬ ዙሌይካ፣ ለምን ስጠም አሉት?»

«ቢያቃጥለኝ ነዋ፣ እህቴ! ባሕር ካማረህ ሞምባሳ አለልህ አልኩት። ሞምባሳማ ሁሉም ያውቀኛል፣ እግሬን ሳልነክር የበሬ ዋጋ ይጠይቁኛል አለኝ። ደላላ መሆኔን የማያውቅ ባሕር ፈልጉልኝ አለና ለአራታችን ኮሎምቢያ ለሚባል አገር ቪዛ አስመታ። ለራሱ፣ ለእኔ፣ ለጓደኛው ለጃርሶ፣ ለእህቱ ልጅ ለነጅመዲን። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት እንጀራ በሰላም ተበልቶ አያውቅም። የትኛው ዳርቻ? የትኛው? ጠዋት የተስማማንበት ማታ ይፈርሳል።»

«ስንት ነበር ምርጫው?»

«ሦስት። እኔ አንደኛውን፣ ካርታኼናን እላለሁ፤ ከተማ ነው፣ ሐኪም አለው። ጃርሶ ሁለተኛውን፣ ሳንታ ማርታን፤ ከጀርባው ተራራ ስላለው። ልጁ ደግሞ ስለ ሦስተኛው ስለ ካፑርጋና ወር ሙሉ አደነቆረን። ሀምዳን ትናንት መረረው። ነገ አንድ በአንድ እየገባችሁ እንደ ገበያው በፎጣ ስር ንገሩኝ፣ የማንም ምርጫ አይሰማ፣ ማንም አይቀየም አለን።»

ይህን ለሳቢራ ማስረዳት አላስፈለገም። በሞያሌ የከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዥና ሻጭ ቀኝ እጃቸውን ፎጣ ስር ከትተው ይያያዛሉ፤ የተያዘው ጣት ብዛት ዋጋው ነው። አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት የሚሳሳቁ ሽማግሌዎች እንጂ ሌላ አያይም። ግራ እጅ መስጠት ስድብ ነው፤ የሚሰጥም የለም።

«እርስዎስ በፎጣ ስር ነገሩት?»

«ጭማቂውን ስሰጠው በጆሮው ነገርኩት።»

«እሱስ ምን አለዎት?»

ዙሌይካ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። «ምንም።»

መልሱ ዘግይቶ መጣ። ሳቢራ መዘግየቱን ልብ ብላ አለፈችው።

ነጅመዲን ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ሦስት ጊዜ በጭነት መኪና ተደብቆ ወደ ደቡብ ሊሰደድ ሲል ከከተማው መውጫ ኬላ ተይዞ የተመለሰ መሆኑን ሳቢራ ታውቃለች፤ አንዱን ጊዜ የመለሰችው ራሷ ነች።

«ከማዶ የተሻገርኩት ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አላት። «ሰባት ሰዓት ላይ አቡያ ጋ ገባሁ።» የእናቱን ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነበር። «ነቅቶ አገኘሁት። እንደ ደንቡ በፎጣው ስር ቀኝ እጁን ሰጠኝ፣ ሁለት ጣቱን ያዝኩ። ሳንታ ማርታ ማለት ነው። ሳቀልኝ። ልተኛ ሲለኝ ወጣሁ።»

«ሦስተኛውን ነበር አሉ የምትወደው።»

«ለአባ ጃርሶ ብዬ ተውኩት። ሽማግሌ ነው።»

ልትሄድ ዘወር ስትል ጠራት። «ሳጅን፣ ፓስፖርቶቻችን አቡያ ወገብ ላይ ነበሩ። ይመለሱልናል አይደል?»

«ጊዜው ሲደርስ» አለችው። ጥያቄው ለምን እንዳስከፋት ወዲያው አልገባትም።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ከበበው የሚባል ነጋዴ ሱቅ አለው። ከበበው ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ኢንተርኔት ያከራያል፣ ከናይሮቢ ትኬት ያስቆርጣል። ሳቢራ ሦስተኛውን ዳርቻ አሳየኝ ስትለው ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በዝግታ መውረድ ጀመረ፤ ሰማዩ ወጣ፣ የዘንባባው ጫፍ ወጣ፣ ባሕሩ ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ሳቢራ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ዛሬ ባሕር የሚባል ነገር ላለማየት የተማለ ቀን ነው።

«ግድ የለም፣ የታተመ አለኝ» አለ ከበበው። «ነጅመዲን ስለዚህ ቦታ ያላሳተመኝ የለም። እኔ ግን ምኑ እንደማረከው አላውቅም። መኪና አይገባውም፣ በጀልባ ነው የሚኬደው። እነሱ በሚሄዱበት ወር ደግሞ ዝናብ ነው። ስጠይቀው ጸጥታው ነው አለኝ።»

«ዛሬ ሀምዳንን አግኝተኸዋል?»

«በሞባይል ነው የደወለልኝ፣ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን። ከትኬቶቹ የምትሰርዘው አለ፣ ተኝቼ ስነሳ መጥቼ እነግርሃለሁ አለኝ።»

«የማንን?»

«አልነገረኝም።»

«ለሰው አውርተሃል?»

ከበበው አንገቱን አሸ። «ነጅመዲን በዚህ ሲያልፍ ነገርኩት። አጎትህ አንዳችሁን ሊያስቀር ነው መሰለኝ አልኩት። ለቀልድ ነበር። ቀጥ ብሎ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ።»

«ከዚያ በኋላስ የገባ አለ?»

«ሚስቱ ጮኻ እስክትወጣ ድረስ በሩን ሳይ ነበር። ማንም።»

ሳቢራ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። መጨረሻው ላይ ካርታ አገኘች። ከካፑርጋና ጀርባ፣ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ የነጠብጣብ መስመር ያልፋል። ጣቢያዋ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ሞያሌን የሚያቋርጠውም እንዲህ ያለ መስመር ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፓናማ። ሌላ አገር ነው።»

በመስኮቱ አሻግራ ኬላውን አየች። ሰዎች እንደ ወትሮው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በእግራቸው ይሻገራሉ። ያን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የቀራት ጃርሶ ነበር። ሽማግሌው ከሬሳ አጣቢዎቹ ጋር ጥላ ስር ተቀምጦ በዱላው መሬት ይጭራል።

«አባ ጃርሶ፣ ምርጫዎን እንዴት ነገሩት?»

«በጆሮው፣ ልጄ። ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ስንሠራ በጆሮ ያወራነው ነገር የለም፣ ሁለታችንም አፈርን። ግን ምን እናድርግ? ጠዋት ገበያ ላይ በሬ ደንብሮ ገመዱ መዳፉን ከነጣቶቹ ላጠው። ሐኪሙ እንደ ሕፃን ጠቀለለው። ቢነኩት ይጮህ ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ያኔ ገበያ የነበረ ሁሉ። ዙሌይካም ታውቃለች። ለሌላ ሰው እንዳንናገር ግን አስጠንቅቆናል። ደላላ እጁን ተበላ ይሉኛል ብሎ ፎጣ ስር ደብቆት ነው የዋለው።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሳቢራ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ካሚዮኑ በር ላይ ሞተሩን አስነስቷል። አለቃዋ ሰዓታቸውን እያዩ «በአጭሩ» አሏት።

«በአጭሩ፣ ሀምዳን ታፍኖ ነው የሞተው። ትራሱ ተገልብጦ ነበር። ዛሬ ወደ እሱ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከበበው በሩን ሲያይ ነበር። አባ ጃርሶ ምርጫቸውን በጆሮው ነገሩት። እትዬ ዙሌይካም በጆሮው። ነጅመዲን ግን በፎጣ ስር ቀኝ እጁን ሰጠኝ፣ ሁለት ጣቱን ያዝኩ ይላል።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «የትኛዎቹን ሁለት ጣቶች?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አጎትህ ዛሬ ጠዋት እጁን የበሬ ገመድ ልጦት ጣቶቹ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልለዋል። የሚያዝ ጣት አልነበረውም። ነቅቶ ቢያናግርህ ኖሮ ታውቀው ነበር። ስትገባ ተኝቷል፣ ፎጣው እስከ አንገቱ ነው። እጁን ሳታይ ወጣህ።»

ነጅመዲን ወደ ጓዳው በር አየ።

«አሁን ለምን የሚለው» አለች ሳቢራ፤ ካርታውን አውጥታ ለአለቃዋ ሰጠቻቸው። «ሌላው ሰው ለባሕር ሲጨቃጨቅ እሱ ዝናብ የማያባራበትን፣ መኪና የማይደርስበትን መረጠ። ዳርቻው ድንበር ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ በፓናማ በኩል በእግሩ ወደ ሰሜን ሊሰደድ ነበር ያሰበው። ሰባት ሰዓት ላይ ከበበው ትኬት ሊሰረዝ ነው ሲለው የራሱ መሰለው። ሀምዳን ተኝቶ ሳይነሳ ከቀረ የሚሰርዝ ሰው የለም፤ ቪዛው ተመቷል፣ በረራው ረቡዕ ነው። ሬሳው ቤት ውስጥ ተኝቶ እያለ ስለ ፓስፖርት የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

ነጅመዲን ቁልቁል መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ» አለ። «አንዴ አንቺ ራስሽ ነሽ የመለስሽኝ። ይኼ የመጨረሻዬ ነበር። አቡያ ካርታውን እጄ ላይ አይቶብኝ ነበር፤ ዝም ብሎ አየኝ። ትኬት ሊሰረዝ ነው ስባል ሁሉም ነገር ጨለመብኝ። ገባሁ። ተኝቷል። ሲነቃ የሚለኝን አውቄዋለሁ ብዬ...»

«አታውቀውም» አለች ዙሌይካ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከምንጣፉ ተነስታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አታውቀውም፣ ነጅመዲን። ጭማቂውን ስሰጠው በጆሮዬ ነግሮኛል። ፖሊስ ፊት ያልተናገርኩት፣ 'ሰው አሻጋሪ' ብለው የሟቹን ስም እንዳይጽፉ ብዬ ነው።» አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች። «ካርታውን ካየ ጀምሮ ሲያስብበት ከርሟል። እኔም በሀያ ዓመቴ በእግሬ ነው ድንበር የተሻገርኩት፣ የከለከለኝ ቢኖር ዛሬ እዚህ የለሁም አለኝ። የሱን ምርጫ ታውቃለህ? ሦስተኛው ነበር። ጀልባው ድረስ እሸኘዋለሁ አለ። የሚሰረዘው ያንተ መመለሻ ትኬት ነበር። ሰው ለማይቀመጥበት ወንበር ምን አስከፈለኝ ብሎ ሲስቅ ጭማቂው ትን አለው።»

ነጅመዲን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ብቀሰቅሰው ኖሮ» አለ።

አለቃዋ ጉሮሮአቸውን ጠርገው አስካሪውን በአገጫቸው ጠቀሱት። ሳቢራ ዙሌይካን በክንዷ ይዛ ወደ ጓዳው አስገባቻት፤ አጣቢዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ የባሏን ፊት እንድታይ ብቻዋን ተወቻት። ስለ ጀልባውና ስለ መመለሻው የተባለውን በማስታወሻዋ አልጻፈችውም። አለቃዋ ይህን አይተው ሰዓታቸውን ወደ ማየት ተመለሱ። ስለ ፈቃዷ ያነሳም አልነበረም።

አስር ሰዓት ላይ ካሚዮኑ ተነሳ። ነጅመዲን እጁ ታስሮ ከኋላ በሁለት አስካሪ መሐል ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ሳቢራ መንገዱ ዳር ቆማ እስኪርቅ ድረስ አየችው። ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ሲደርስ ዘበኛው መኪናውን አይቶ ወዲያው እንጨቱን አነሳ። ሦስት ጊዜ የመለሰው ኬላ ዛሬ አሳለፈው።