የሚዞረው ቁጥር

የሉሊት አንድ እግር ጫማ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተገኘ። ሉሊት ግን የለችም።

አዳማ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ናት። ጠዋት ስልኳን ቤት ረስታ ወጥታ ነበር። ሳጅን ፈዬራ ሰሞኑን ከእሷ ጋር የተጣላ አንድ የባጃጅ ሾፌር ይዞ ሲመረምር ዋለ። ሰውየው ምሎ ተገዝቶ ካደ።

እህቷ ሰብለወንጌል ሳሎን ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። የአጎታቸው ልጅ ይትባረክ ወሬውን ሰምቶ ከሞጆ ከንፎ መጥቷል። ትከሻዋን አቅፎ ያጽናናታል።

የሰብለ ስልክ ጮኸ። የማታውቀው ወንድ ነው፤ ይትባረክም ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል።

«የእህትሽን ስልክ ክፈቺ። ቅዳሜ የቀረጸችውን ቪዲዮ አጥፊ። ለፖሊስ ትንፍሽ ብትይ ሬሳዋን ትለቅሚያለሽ። ቁጥሩን ራሷ ትንገርሽ።»

ከዚያ የሉሊት ድምፅ መጣ፤ ሰልሏል። «ሰብልዬ፣ የይለፍ ቁጥሩ 428571 ነው። እንዳትሳሳቺ።»

ተዘጋ።

ሰብለ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። የእህቷ የይለፍ ቁጥር 142857 መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች። አባታቸው በልጅነታቸው ያስተማሯቸው ቁጥር ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ባለው በየትኛውም ቁጥር ቢባዛ እነዚያው አሃዞች ተራቸውን ሳይለቁ ይዞራሉ፤ መነሻቸው ብቻ ይቀየራል። ሁሩታ ባሉት ስድስት የአባታቸው የእህል መጋዘኖች ድብብቆሽ የሚጫወቱት በዚሁ ነበር። የተደበቀችው የዞረውን ቁጥር ትጠራለች፤ ፈላጊዋ በስንት እንደተባዛ አስልታ ያንን በር ትከፍታለች።

428571። በሦስት የተባዛ ነው።

ሦስተኛውን መጋዘን የተከራየው ይትባረክ ነው። ቁልፉም ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው።

እጁ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር።

«በይ ክፈቺውና ስጪኝ» አላት። «እኔ አጠፋዋለሁ።»

የእህቷን ስልክ አንሥታ የተነገራትን ቁጥር ነካካች። ስልኩ እምቢ አለ።

«ተሳስቼ ይሆናል። ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውኃ ልጠጣ» ብላ ተነሣች።

ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ለፈዬራ ደወለች። «ሁሩታ፣ የአባቴ መጋዘን፣ ሦስተኛው በር። ያስጠለፋት ይትባረክ ነው። እዚህ አጠገቤ ነው ያለው።»

ዞር ስትል በሩ ላይ ቆሟል።

«ማንን ነው የምታናግሪው?»

ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። «እመቤቴን። እየጸለይኩ ነው።»

አፍጥጦ አያት። «እስቲ ጮክ ብለሽ ጸልዪ።»

ጸለየች። ቃላቱ ይጠፉባታል፤ ያንኑ ደጋግማ ትላለች። እሱም ንቅንቅ አላለም። የግቢው በር እስኪደበደብ ድረስ አላቋረጠችም።

ፈዬራ ይትባረክን ገና ከመያዙ፣ ወደ ሁሩታ እንዳይደውል ስልኩን ነጠቀው። የሁሩታ ፖሊሶች የመጋዘኑን በር ሰበሩ። ሉሊት ከጆንያዎች መሐል ታስራ ተገኘች፤ የደወለው ጠባቂዋም እዚያው ተያዘ።

ሰብለ የእህቷን ስልክ በትክክለኛው ቁጥር ከፈተችው። ቪዲዮው ላይ የይትባረክ አይሱዙ በሞጆ መንገድ አንድ ሐብሐብ ሻጭ ገጭቶ ሲያመልጥ ይታያል።

«ሆን ብዬ አልገጨሁትም» አለ ይትባረክ። «ደንግጬ ነው ያመለጥኩት። ለፖሊስ እሰጣለሁ ስትል እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እምቢ አለችኝ።»

«ቪዲዮው ከጠፋ በኋላስ? ትለቃት ነበር?» አለው ፈዬራ።

ይትባረክ መሬት መሬት አየ። ሰብለ ከሰማችው ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራት።

ሉሊትን ሲመሽ አመጧት። ሰብለ ሮጣ አቀፈቻት። ሉሊት ግን በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ፈዬራን ታይ ነበር።

«የሟቹን ሚስት አገኛችኋት?» አለች። «ባሏን ማን እንደገደለባት እስካሁን አታውቅም እኮ።»